ቅርፊታቸውን ሳይሰብሩ የቀሩ ጫጩቶች፦ ደብረ ማርቆስ ላይ እንቁላል በማሽን ስለ መፈልፈል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 56 እንቁላል የሚይዝ፣ ፋን ያለውና ራሱ የሚያገላብጥ አነስተኛ የመፈልፈያ ማሽን ገዝቼ በታኅሣሥ መጀመሪያ 48 እንቁላል አስገባሁ። ግማሹ ከራሴና ከጎረቤቶቼ የሐበሻ ዶሮዎች የተሰበሰበ ነው፤ ግማሹን ከገበያ ገዛሁት። በ7ኛው ቀን በስልኬ መብራት አይቼ 8ቱን ባዶ ሆነው ስላገኘኋቸው አወጣኋቸው። ከቀሩት 40 ውስጥ የተፈለፈሉት 11 ብቻ ናቸው። 6ቱ ቅርፊቱን ከወጉ በኋላ ሞቱ፤ 23ቱ ጭራሽ አልወጉም። ጥቂቶቹን ብሰብራቸው ሙሉ ጫጩት ሆነው፣ ስስ ሽፋኑ እንደ ቆዳ ደርቆ ላያቸው ላይ ተጣብቆ አገኘሁ። መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል፤ አንደኛው በ19ኛው ቀን ሌሊት ለ6 ሰዓት ያህል ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ክዳኑን ደጋግሜ እየከፈትኩ ውኃ እጨምር ነበር። ማሽኑ ሁልጊዜ 37.8 ዲግሪ ያሳያል። ሙቀቱን ልጨምር ወይስ ጥፋቱ የእንቁላሉ ነው?»

ምላሽ፦ ሙቀቱን አይጨምሩ። ፋን ላለው ማሽን የሚፈለገው ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ መሣሪያዎ እውነቱን ከተናገረ አሁን ያሉት በላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ሽል ለጥቂት ሰዓታት ቢቀዘቅዝ ይታገሣል፤ ትርፍ ሙቀትን ግን አይታገሥም። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ የነገረኝም የሞቱት ጫጩቶች ሁኔታ እንጂ ይህ ቁጥር አይደለም።

በ7ኛው ቀን 8 እንቁላል ከ48 ውስጥ ባዶ መገኘቱ ብዙ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለ10 ሴት ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ በሌለበት ግቢ ከዚህም የባሰ ይታያል፤ በዚያ ላይ ከገበያ ከገዟቸው መካከል የፈረንጅ እንቁላል ተቀላቅሎ ከሆነ፣ እሱ አውራ በሌለበት ቤት የሚጣል ስለሆነ በምንም ማሽን አይፈለፈልም። ጥያቄው ያለው ከ40ዎቹ ላይ ነው። ጥቂቶቹን ብቻ ሳይሆን 23ቱንም ሰብረው ቢያዩ ኖሮ መልሱን ራሳቸው ይነግሩዎት ነበር። በደም ቀለበት ተከብቦ የቀረ ሽል በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የእንቁላሉ እርጅና፣ በመንገድ መንገጫገጭ ወይም የሙቀት መዛባት ነው። ሙሉ ጫጩት ሆኖ፣ አስኳሉን ወደ ሆዱ ሊያስገባ ተቃርቦ ወይም አስገብቶ የሞተው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሰውነቱ ያበጠና ረግረግ ያለ፣ በእንቁላሉ ደንዳና ጫፍ ያለው የአየር ክፍልም ትንሽ ከሆነ እርጥበት በዝቶበታል። የአየር ክፍሉ ሰፊ፣ ሽፋኑ እንደ ቆዳ የደረቀና በላባው ላይ የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉ ከሚገባው በላይ ውኃ አጥቷል። እርስዎ የገለጹልኝ ይህን ሁለተኛውን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልግለጽ፤ ምክንያቱም በጎጃም ደጋ ላይ ማሽን የሚገዙ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት በዚህ ነው። አንድ የዶሮ እንቁላል ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ወደ 12 በመቶ ያህል በውኃ መልክ ማጣት አለበት። ይህ ጉድለት ሳይሆን አስፈላጊ ሂደት ነው፤ የወጣው ውኃ ቦታውን ለአየር ይለቅና በእንቁላሉ ደንዳና ጫፍ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል፤ ጫጩቱም በ19ኛውና በ20ኛው ቀን አፉን ወደዚያ አስገብቶ የመጀመሪያ እስትንፋሱን የሚወስደው ከዚያው ነው። ውኃው ካልወጣ አየር የለም፤ ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ሽፋኑ ደርቆ ጫጩቱ በገዛ ልብሱ ይታሰራል።

ከማሽኑ ጋር የመጣልዎት መመሪያ «ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ ይሁን» እንደሚል እገምታለሁ። ይህ ምክር የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ላላለ አገር ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የውኃ እንፋሎት በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲወጣ የሚገታው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙቀቱና እርጥበቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በባሕር ወለል 12 በመቶ የሚያጣው እንቁላል እርስዎ ዘንድ 16 በመቶ ያህል ያጣል። ወደ 1,800 ሜትር የምትሆነው ባሕር ዳር ላይም ልዩነቱ አንድ አራተኛ ገደማ ነው፤ በጮቄ ተራራ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ ይብሳል። በመሆኑም ደብረ ማርቆስ ላይ ያንኑ 12 በመቶ ለማግኘት እርጥበቱን ከ60 እስከ 65 በመቶ ማድረስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የበጋው ድርቀት ነው። 15 ዲግሪ የቀዘቀዘና እርጥበቱ 40 በመቶ የሆነ የክፍል አየር ወደ ማሽኑ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ውኃ ካልተጨመረበት እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። «እንግዲያው በክረምት ውኃ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ሐምሌ ላይ ውጭው ጭጋግ ሆኖ እርጥበቱ 90 በመቶ ቢደርስ እንኳ ያው አየር ሲሞቅ 25 በመቶ አይሞላም። ልዩነቱ በክረምት የሚጨመረው ውኃ አነስ ማለቱ ብቻ ነው።

እርጥበት የሚጨመረው ውኃውን በማጥለቅ ሳይሆን በማስፋት ነው። ጥልቅ ጣሳ ሙሉ ውኃ ከሚያስገቡ፣ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጥቂት ውኃ አድርገው ንጹሕ ስፖንጅ ወይም የጥጥ ጨርቅ አንድ ጫፉን ነክረው ቢያቆሙበት እጅግ የተሻለ ይተንናል። ውኃው ፈልቶ የበረደ፣ ሲጨመርም ለብ ያለ ይሁን። ጨርቁ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ካልታጠበ የሻጋታ መራቢያ ይሆናል።

የእርጥበት መለኪያውን ራሱን ግን አይመኑት፤ በእነዚህ አነስተኛ ማሽኖች ላይ የሚገጠሙት ብዙዎቹ የሚያሳዩት ቁጥር ከእውነቱ በብዙ ይርቃል። መለኪያው ከማሽኑ የሚወጣ ከሆነ፣ በአንድ የጠርሙስ ክዳን ጨው አድርገው እንደ ሊጥ እስኪረጥብ ብቻ ውኃ ጠብ ያድርጉበትና ከመለኪያው ጋር በማይተነፍስ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ያሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት፤ 68 ካሳየ መለኪያዎ ሁልጊዜ በ7 ያህል እንደሚያንስ ይወቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ሚዛን ነው። ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ያግኙ፤ ከተበደሩም ይበቃል። የሐበሻ እንቁላል ብዙውን ጊዜ 45 ግራም አካባቢ ስለሆነ ሒሳቡ እጅግ ቀላል ይሆናል፦ 10 እንቁላል 450 ግራም ይመዝናል፤ የእሱ 12 በመቶ 54 ግራም ነው፤ ይህ ለ18 ቀን ሲካፈል በቀን 3 ግራም ይሆናል። ስለዚህ 10ሩ በ7ኛው ቀን 429፣ በ14ኛው ቀን 408፣ በ18ኛው ቀን 396 ግራም አካባቢ መሆን አለባቸው። በ7ኛው ቀን 429 ሳይሆን 422 ካገኙ እየደረቁ ነውና የውኃውን ስፋት ይጨምሩ፤ 435 ካገኙ ደግሞ ይቀንሱ። ስሌቱ በሕይወት ላሉት ብቻ ስለሆነ ባዶ ሆኖ የወጣ እንቁላል ካለ የመነሻ ክብደቱን ከድምሩ መቀነስ አይርሱ። እኔ ሚዛን ይዞ መለኪያ የሌለውን ሰው፣ መለኪያ ይዞ ሚዛን ከሌለው ሰው ይልቅ አምነዋለሁ።

እርጥበት ለመጨመር ብለው የአየር መግቢያውን ግን እንዳይዘጉ። ይህን የምለው አድርጌው ስላየሁት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እርጥበቱ አልወጣ ቢለኝ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ሸፈንኳቸው፤ መለኪያው 70 አሳይቶኝ ደስ አለኝ። ጫጩቶቹ በ19ኛውና በ20ኛው ቀን ታፍነው አለቁ። የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ሲሆን ኦክስጅኑም ሦስት አራተኛ ነው፤ ሽሉ ደግሞ ከ10ኛው ቀን ወዲያ የሚፈልገው ኦክስጅን በፍጥነት እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከፍተኛ ይሆናል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር እርጥበቱ ይሸሻል፤ በጠበበ ቁጥር አየሩ ያንሳል፤ የደጋ ፈልፋይ ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው። መፍትሔው ቀዳዳውን እስከ 10ኛው ቀን በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ የጎደለውን እርጥበት በውኃ ስፋት መሙላት ነው።

በ18ኛው ቀን ማገላበጡን ያቁሙ፤ እርጥበቱን ወደ 70 በመቶና ከዚያም ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑን አይክፈቱ። እርስዎ በቅን ልቡና ውኃ ለመጨመር ደጋግመው ሲከፍቱ የነበረው፣ የወጉትን 6ቱን ጫጩቶች የጎዳቸው ይመስለኛል። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የተጠራቀመው እርጥበት በቅጽበት ይበናል፤ የተወጋው ሽፋንም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ውኃ መጨመር ካለብዎት በአየር ቀዳዳው በኩል በቀጭን ቱቦ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ያንጠባጥቡ። ጫጩት ቅርፊቱን ከወጋ በኋላ ለመውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ዝም ማለቱ ደክሞ ሳይሆን የቀረውን ደምና አስኳል ወደ ሰውነቱ እየሰበሰበ ስለሆነ፣ በጥፍር መላጥ ደም አፍስሶ መግደል ነው። ቀድሞ የወጣውም ቢሆን በአስኳሉ ስንቅ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ስለሚቆይ ላባው እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ይቆይ።

ወደ መብራቱ ልመለስ። በ19ኛው ቀን ሌሊት፣ ያውም በታኅሣሥ ቁር፣ 6 ሰዓት መጥፋቱ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከ23ቱ የተወሰኑት በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ መገመት ይቻላል። መብራት በመጀመሪያው ሳምንት ሲጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሽሉ ትንሽ ስለሆነ እድገቱን ገታ አድርጎ ይቆያል፤ የሚፈለፈልበት ጊዜ ብቻ በሰዓታት ይዘገያል። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ይለወጣል። ሽሉ የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት አይቀዘቅዝም፤ ነገር ግን ፋኑ ቆሞ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ይታፈናል። ስለዚህ ሲሸፍኑ የአየር ቀዳዳዎቹን ይተዉ። መጥፋቱ ከረዘመ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሃይላንድ ያልፈላ ነገር ግን እጅ የሚያቃጥል ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እንቁላሉን ሳያስነኩ ጎኑ ላይ ያስቀምጡና ሲበርድ ይቀይሩት። ክፍሉን ለማሞቅ ብለው ከሰል አያስገቡ። ከከሰል የሚወጣው፣ ጭስ የማይመስለው ጋዝ ቀድሞውንም ኦክስጅን ያነሰውን ሽል ይገድላል፤ በዚያ ክፍል የሚተኛውን ሰውም ሊገድል ይችላል። ማሽንዎ በጀርባው 12 ቮልት የሚል መግቢያ ካለው፣ የሶላር ወይም የመኪና ባትሪ ለአንድ ሌሊት ያሻግርዎታል።

ማሽኑ የት ተቀምጧል? ይህን አልጻፉልኝም። በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቀን ላይ ጣራው ሲግል፣ ሌሊት ደግሞ ሲበርድ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ማሽን በሁለቱም ይቸገራል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጭቃ ቤት፣ መስኮት በማይደርስበት ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም ውድ ቴርሞስታት የበለጠ ይረዳል። ከምድጃም ያርቁት።

የሙቀት መለኪያውን ማረጋገጥም ቀላል ነው። ከፋርማሲ የሚሸጠውን የትኩሳት ዲጂታል ቴርሞሜትር በእንቁላሉ ቁመት ልክ ያስገቡና ከማሽኑ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ከ0.3 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ የትኩሳቱን ይመኑ። አንዳንዶች በፈላ ውኃ ለመፈተን ይሞክራሉ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ 100 አላሳየም ተብሎ ደህናው ቴርሞሜትር ይጣላል።

አሁን ወደ እንቁላሉ። የገዙበት ጊዜ ጾመ ነቢያት መሆኑን ልብ ይበሉ። በጾም ወራት የሚበላው ሰው ስለሚቀንስ እንቁላል በየቤቱ ይከማቻል፤ ገበያ የሚወጣውም ዋጋው የቀነሰ፣ ዕድሜው ግን የማይታወቅ ነው። ለመፈልፈያ የሚሆን እንቁላል ከተጣለ 7 ቀን ያላለፈው ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈለፈለው ቁጥር እየቀነሰ፣ የሚፈጀውም ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። በዚያ ላይ በአህያ ወይም በባጃጅ ተንገጫግጮ የመጣ እንቁላል የውስጥ ሽፋኑ ስለሚጎዳ፣ ደንዳና ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳያርፍ ወደ ማሽን መግባት የለበትም። እናቶቻችን እንቁላል በጤፍ ወይም በገብስ ውስጥ ቀብረው የሚያስቀምጡት ልማድ ለዚህ ሥራም ጥሩ ነው፤ እህሉ ቀዝቃዛና የማይዋዥቅ ሆኖ ያቆየዋል። የሚፈለገው የማቆያ ሙቀት ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ስለሆነ፣ ቆላ ያለ ሰው ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገውን እርስዎ ከቤትዎ ጥግ በነጻ ያገኙታል። የቆሸሸውን አይጠቡት፤ ውኃ ቆሻሻውን በቀዳዳዎቹ ይዞ ይገባል። በጣም ከቆሸሸ ለወጥ ይሁን።

ከራስዎና ከጎረቤቶችዎ ዶሮዎች የሚሰበስቡት ከሁሉም ይሻላል። ተመራማሪዎች ቲሊሊ፣ መጫ፣ ደብረ ኤልያስ እያሉ በጎጃም ቦታዎች ስም የመደቧቸው የሐበሻ ዶሮዎች በዚህ ከፍታ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ናቸው፤ በከፍታ ላይ የኖረ ዶሮ ዘር ሽሉ ያነሰ ኦክስጅንን የመቋቋም ዕድሉ ከዝቅተኛ ቦታ ከመጣው የተሻለ ነው። ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን ስለሚባሉት የውጭ ዶሮዎች ቢያስቡ ደግሞ፣ እነዚህ የተዳቀሉ ስለሆኑ ከእንቁላላቸው የሚወጣው ጫጩት የእናቱን ያህል እንደማይጥል አስቀድመው ይወቁ። በሚቀጥለው ዙር በየእንቁላሉ ላይ በእርሳስ የመጣበትን ቤትና የተጣለበትን ቀን ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አይጠቀሙ። ያኔ የትኛው ጎረቤት አውራ እንደደከመ ሳይቀር ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። በሰፈርዎ በእውነት የታቀፈች፣ ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ከጎጆዋ ያልተነሣች የሐበሻ ዶሮ ካለች፣ በ18ኛው ቀን ከማሽኑ ውስጥ 10 ወይም 12 እንቁላል አውጥተው ሌሊት፣ በጨለማ፣ ከሥርዋ ይተኩላት፤ የነበራትንም ያንሱ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ለማሽን ከባድ፣ ለእሷ ግን ቀላል ናቸው። እርጥበቱን ታውቀዋለች፤ መብራትም አይጠፋባትም። ጫጩቶቹንም ይዛ ስለምትወጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚፈልገውን የማሞቂያ ወጪ ታስቀርልዎታለች። እንዲያውም ከማሽን የወጡትን ሌሎች ጫጩቶች በዚያው ሌሊት ብትጨምሩላት አብዛኛውን ጊዜ አትለያቸውም። የሚያሰጋው ፈንግል ስለሆነ፣ ዶሮዋ አስቀድማ የተከተበች መሆኗን ያረጋግጡ፤ የጫጩቶቹንም የክትባት ጊዜ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ከመፈልፈላቸው በፊት ይነጋገሩበት።

ለሚቀጥለው ዙር 48 አያስገቡ። ዕድሜያቸው የታወቀ 20 እንቁላል ከራስዎና ከጎረቤት ሰብስበው፣ በሁለት ትሪ ዐሥር ዐሥሩን መዝነው፣ መነሻውን ጽፈው ያስገቡ። ማሽኑን ግን ከዚያ በፊት ባዶውን፣ ከነውኃው፣ ሁለት ቀን ያሠሩት፤ ሌሊትና ቀን ያለውን ልዩነት በትኩሳት መለኪያው ይመዝግቡ። በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ18ኛው ቀን ያገኙትን ክብደት፣ ከዚያም በ22ኛው ቀን ሳይፈለፈሉ የቀሩትን አንድ በአንድ ሰብረው ያዩትን ቢጽፉልኝ፣ የሚቀረውን ጉድለት ለይቶ መናገር ይቻላል።